ሚልካ አሎ ኦሙጋ፦ አውራ ዶሮና መጥረቢያ ይዘው ቤት የሠሩ

ሚልካ አሎ ኦሙጋ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ናፍታሌም ኦሙጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶርቃ አወር እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1987 በሐይቁ ዳር ባለችው በምቢታ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በምቢታ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በሆማ ቤይ ጨርሰው በ2005 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በኮምፒውተር ትምህርት ተመረቁ። በሥዕልና በሒሳብ ብርቱ ነበሩ። ዋና ግን አልቻሉም፤ የጀልባ ሠሪ ልጅ ሆነው ውኃ ይፈሩ ነበር።

ከ2010 ጀምሮ ከጓደኞቻቸው ጋር የስልክ ጨዋታ መሥራት ያዙ። አባታቸው ነገሩ ቁማር መስሏቸው ተቆጥተው ነበር። ኋላ ሚልካ ስልኩን ይዘው መጥተው አሳዩአቸው። በጨዋታው ውስጥ ሐይቅ አለ፤ ተጫዋቹ ጀልባ ያሠራል፣ ዓሣ ያሰጣል፣ ይነግዳል፣ ቤት ይሠራል። አባታቸው ትክ ብለው አይተው፣ "ይህቺ ጀልባ አፍንጫዋ ከብዷል፤ ከወደቡ ሳትወጣ ትሰምጣለች" አሉ።

"እንግዲያው አንተ አስተካክላታ፣ አባባ" አሉ ሚልካ።

ጀልባዋ ተስተካከለች። በዚያው ቀን ሚልካ አባታቸውን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ልጅ አግብቶ የራሱን ቤት ሲመሠርት አባት ምን ይዞለት ይሄዳል? አባታቸው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አንድ በአንድ ነገሩአቸው። መጥረቢያ፣ እሳትና አውራ ዶሮ ይያዛል። የመጀመሪያው ምሰሶ ይተከላል። ዶሮው እዚያ አድሮ ሲጮህ ቤቱ ቤት ይባላል።

ጨዋታው በ2018 ወጣ። በውስጡ ሁለት ዓሣ ነጋዴ ሴቶች መጥረቢያና አውራ ዶሮ ይዘው አንድ ቤት ይሠራሉ። መሳሳም የለበት፣ መተቃቀፍ የለበት። የሌላ አገር ተጫዋቾች እህትማማቾች ናቸው ብለው አለፉ። የሐይቁ ዳር ሰው ግን ዶሮውን አየ። አውራ ዶሮ ለእህትማማች አይያዝም። በዓሣ ገበያው፣ "ናፍታሌም፣ የትኛዋ ናት ባልየው?" እያሉ ይስቁ ጀመር። ሳቁ አንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ለሚልካ ከማያውቁት ቁጥር መልእክት መጣ፦ "ቤትሽን እናውቀዋለን። በሩ አረንጓዴ ነው።"

በሩ አረንጓዴ ነበር።

የሥራ ጓደኞቻቸው ዶሮውን እንዲያወጡት መከሩአቸው። ዶሮው ከወጣ ሴቶቹ እህትማማች ይሆናሉ፤ ሁሉም ያርፋል። አባታቸውም ደውለው፣ "አውጪው ልጄ። የነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ አውጪው የምልሽም እኔው ነኝ" አሉ።

"እሱን ካወጣሁት እኛ የለንማ፣ አባባ" ሲሉ መለሱ።

"እኛ" ያሉት እነማንን እንደሆነ አባታቸው ያን ጊዜ ገባቸው። አልጠየቁም። ዶሮውም በጨዋታው ውስጥ ቀረ።

ሚልካ በአምስት ዓመት አራት ቤት ቀየሩ። በር ሲንኳኳ ድምፅ ማጥፋት ለመዱ። አባታቸው ናይሮቢ ድረስ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ መስኮቱን በቁም ሣጥን ተጋርዶ አገኙት። ከሚልካ ጋር የሚኖሩት ሴት ሻይ ቀዱ። ሦስት ሰው ተቀምጦ ከደረጃው ላይ የሚመጣ ኮቴ ያዳምጥ ነበር።

ጨዋታውን የወደዱም ነበሩ። ከኪሱሙ አንዲት ልጅ፣ "ቤቱን ሠርቼ ጨረስኩ። ዶሮው ሲጮህ አለቀስኩ" ብላ ጽፋለች። ሚልካ ይህን በእጃቸው ገልብጠው በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አኑረውት ተገኝቷል።

በሜይ 2024 ሳልና ትኩሳት ያዛቸው። ስማቸውን በሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ጮክ ብለው መናገር ስለፈሩ አሥራ አንድ ቀን ሳይታከሙ ቆዩ። ሲሄዱ የሳንባ ምች ሆኖ በርትቶ ነበር። ሜይ 29 ቀን 2024 በተወለዱ በ37 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ፍርሃት ሰው እንደሚገድል አባታቸው ይመሰክራሉ።

ባልዋ ቤት ያልገባች ሴት ከአጥር ውጭ መቀበሯ የአገሩ ደንብ ነው። ሽማግሌዎች ጉድጓዱን ከአጥር ውጭ ለክተው ነበር። ቤት ሳይሠራ ለሞተ ወንድ ግን ከቀብሩ በፊት ቤት ይቆምለትና በግቢው ውስጥ ይቀበራል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አባታቸው መጥረቢያ፣ እሳትና አውራ ዶሮ ይዘው በግቢው ውስጥ ምሰሶ ተከሉ።

"ዶሮው ለማን ነው?" ተባሉ።

"ቤት ለሠራች ልጄ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከበሩ ገለል አሉ። ከዚያ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አንስተው በበሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሚልካ ወላጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን ኤዝሮንንና ታናሽ እህታቸውን ሮዳን ትተው አልፈዋል። አብረዋቸው ቤት የሠሩት ሴት ስማቸው ይጻፍ ወይስ ይቅር ተብለው ተጠይቀዋል። "ፈርቼ ኖርኩ፣ አባባ። ፈርቼ ልቅበራት?" አሉ። ስለዚህ ተጽፏል። ካቱንጌ ሙሊ ይባላሉ። ዛሬ ከሚልካ እናት ጎን ተቀምጠዋል። ይህን የሚያነቡት ሰው ይህን መስመር እንዳይዘሉ አደራ አለባቸው። ካቱንጌን ሊነካ የሚነሣ ካለ አስቀድሞ በሚልካ አባት ላይ ይለፍ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፈሪም ናቸው፤ ግን በር ላይ ይቆማሉ።

ዶሮው ዛሬ ንጋት ላይ ጮኋል። እግዚአብሔር የሚልካን ነፍስ በሩ ሲንኳኳ በማያስደነግጥ ቤት ያሳርፍ። አሜን።