ሙሌ፣ እብነ በረዱ ሳይቀረጽ

ሙሌ ሆዴ፣

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። የቀብርህ ቀን፣ የሕይወት ታሪክህ ሲነበብ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ጎንበስ ያልኩት ከኀዘን አልነበረም። አቅለሽልሾኝ ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው "አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ" ይሉኛል፤ አንዷ ፊቴ ላይ ውኃ ረጨችብኝ። እኔ ግን ላስመልስ ነበር የፈለግሁት።

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ያን ቀን መምጣት የነበረበት ለቅሶ በኋላ መጣ፤ ውኃ በተለቀቀ ቀን ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ፣ ከላይ ሆኖ "ቀስ በይ፣ ልብሽን!" የሚለኝ ሰው ሳጣ።

ሠፈራችን አራብሳ እንደተውካት አይደለችም። ከብሎካችን ፊት ለፊት ያለው ሜዳ፣ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለህ ሣሩን የምትመረምርበት፣ መኪና ማጠቢያ ሆኗል። በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከልካቸው ችግኞች ግማሾቹ ደርቀዋል፤ የትኛው ፀሐይ፣ የትኛው ጥላ እንደሚወድ ሳልጠይቅህ ሄድክ። ልጃችን ሰላማዊት ቦሌ ቢሮዋ አጠገብ ወደተከራየችው ቤት እንድገባ ትጨቀጭቀኛለች። "እማዬ፣ እዚህ ከተማ ዳር ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?" ትለኛለች። አነባለሁ እላታለሁ። ትስቃለች።

ቀብርህ ላይ ስለተያዘው ባነርም ልንገርህ። ሰላማዊት ሠርግ ላይ የተነሣኸውን ፎቶ ነው ያሳተሙት፤ ያን ፊትህን አጥቁረህ "መቼ ነው የሚያልቀው?" የምትልበትን። ኮምፒውተር ላይ ፈገግታ ሠሩልህ። ሽበትህንም ቀነሱልህ። የማላውቀው ሰውዬ ከሬሳህ ፊት ፊት እየሳቀ ሲሄድ አየሁት። ቲሸርት ለብሰው የመጡት ወጣቶች ደረት ላይም እሱው ነበር።

ጡረታ ከወጣህ በኋላ የሠፈሩን ሟቾች የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው አንተ ነበርክ። ዕድሩ "ፕሮፌሰር እያለን ማን ይጻፍ?" ብሎ ጫነብህ። ቤተሰቡ መጥቶ "ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ" እያለ ይዘረግፍልሃል፤ አንተ ደግሞ እንደ ባዮሎጂ ተማሪዎችህ "ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ" ትላቸዋለህ። እትዬ ብርቄ የሞቱ ጊዜ፣ ውኃ ወረፋ ላይ ከብሎኩ ሰው ሁሉ ጋር እንደተጣሉ፣ ከተጣሉት ሰው ሁሉ ጋር ደግሞ ያንኑ ውኃ እንደተካፈሉ ጻፍክ። መቃብሩ ላይ ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የወረደው ለቅሶ ግን! ልጃቸው ተቀይሞህ ሰንብቶ፣ በኋላ ራሱ መጥቶ ወረቀቱን ለመነህ። የዚያን ሰሞን ነው "እኔ ስሞት እንግዳ ተቀባይ ነበር የሚል ካለ አስቁሚልኝ" ያልከኝ። እንግዳ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት ገብተህ የምትቆልፍ ሰው! ሳቅሁ፤ እሺ አልኩህ።

አላስቆምኩም። "እንግዳ ተቀባይ" ተባልክ፣ ያውም ደጋግመው። እሱስ ባለፈ። ያቅለሸለሸኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። አንባቢው ዶክተር ሄኖክ ነበር፣ የቀድሞ ተማሪህ፣ ዛሬ ኮሌጁ ውስጥ ትልቅ ሰው የሆነው። ጥቁር መነጽሩን አውልቆ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ "ፕሮፌሰር በዘመናቸው አንድም ቀን ለአማላጅ በር አልከፈቱም፤ ላልሠራ ተማሪ ውጤት አልሰጡም" አለ። ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ። እዚያ ከቆምነው ውሸት መሆኑን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ሦስተኛው አንተ፣ ሳጥን ውስጥ ተኝተሃል።

ቦሌ ሚካኤል ተከራይተን ስንኖር የፈተና ወረቀት ይዘህ ትገባ ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልረገጥኩ፣ ፊደሉን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ እንዳወቅሁ ታውቃለህ። የወረቀቶቹ እንግሊዝኛ አይገባኝም። ተማሪዎቹ መልስ ሲጠፋቸው በአማርኛ የሚጽፉትን ልመና ግን እኔ ነበርኩ የማነብልህ፤ አንተ እያረምክ፣ እኔ እያነበብኩ፣ እንስቅ ነበር። የሄኖክ ወረቀት ላይ ከልመናው በቀር ምንም አልነበረም። "መምህር፣ እናቴ ከኔ ሌላ የላትም" ይላል። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። እናቱን አውቃታለሁ፤ ከጋራዦቹ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን ነበረች። አንተ እንደማትሰማት ስለገባት እኔ እግር ላይ መጥታ ወደቀች።

አማለድኩ። እምቢ አልክ። አኮረፍኩህ። ምሳህን አስቀምጬ ፊቴን አዞርኩ። ያኔ ትንሽ የነበረችው ሰላማዊት ከጓዳ ሳሎን እየተመላለሰች "አባዬ፣ ጨው ከፈለግህ እግር አለህ ብላሃለች" እስክትልህ ደረስን። በመጨረሻ ሰጠኸው።

አንድም ቀን አልወቀስከኝም። ከዚያ በኋላ ግን የፈተና ወረቀት ወደ ቤት ይዘህ ገብተህ አታውቅም። እዚያው ቢሮህ አርመህ፣ እጅህን እያወዛወዝክ ትመጣ ነበር። እኔም የት አደረስከው ብዬ አልጠየቅሁህም። ያ የምታርምበት ጠረጴዛ ባዶውን ሲውል ከማየት ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሄኖክ አጠገቤ ቁጭ አለ። ንፍሮውን እየቃመ "እትዬ፣ እንዴት አገኙት? ጥሩ አድርጌ ጻፍኩላቸው አይደል?" አለኝ። የሽምብራ ልጣጭ ከንፈሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ምን አልኩ? "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት። እሱን ከተጸየፍኩት ይልቅ ያቺን ቃል ተጸየፍኳት። እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ትመረኛለች።

አሁን ሙት ዓመትህ ደርሷል። ሰላማዊት ሐውልትህ ላይ የሚቀረጸውን አምጥታ አሳየችኝ። "ለእውነት የኖረ፣ ለማንም ያላጎነበሰ" ይላል። ሄኖክ ነው የጻፈላት። "እማዬ፣ እሺ በይኝ በቃ፤ ጠራቢው እየጠበቀኝ ነው" አለች። እሺ አላልኩም። መቃብር ላይ የተነበበ ወረቀት ሰው ይረሳዋል። ድንጋይ ግን እኔም ከሞትኩ በኋላ ሲዋሽ ይኖራል፤ እሷም ልጆቿን እየወሰደች ታስነብባቸዋለች።

እንግዲህ እኔም ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ሙሉጌታ ባዮሎጂ አስተማረ። ስሙን የማያውቀው ተማሪ አልነበረውም። እንግዳ አይወድም ነበር፤ የማያውቀው ሣር ሲያገኝ ግን ሙሉ ልብስ ለብሶም ቢሆን ይንበረከካል። አንድ ጊዜ ለማይገባው ልጅ ውጤት ሰጠ። የሰጠው ሚስቱ ስላኮረፈችው ነው፤ ሚስቱም ያኮረፈችው የልጁ እናት ስላሳዘነቻት ነው። እስኪሞት ድረስ ቆጨው፣ አልተናገረም። ባሌ ይኼ ነው። በሕይወት እስካለሁ የማስታውሰው ይኼን ነው እንጂ ባነር ላይ የሚስቀውን ሰውዬ አይደለም።

ሰላማዊትን ጠራቢውን አቆይው ብያታለሁ። ለምን ስትለኝ "የጻፈው ሰው ያርመው" አልኳት። ቅዳሜ ስለ ሙት ዓመቱ ዝግጅት ለመነጋገር እዚህ ይመጣል፤ ዘንድሮም አንባቢው እሱ ነው። አንተ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጬው፣ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ሳላቀርብ፣ ይህን ደብዳቤ በእጁ እሰጠዋለሁ። አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱን አያለሁ። ከዚያ በኋላ በሕዝብ ፊት የራሱን ይሁን የእኔን እንደሚያነብ እሱ ይምረጥ፤ ሰላማዊት ግን እውነቱን ከእሱ ካልሰማች ከእኔ ትሰማለች። እነዚህን ገጾች መጀመሪያ የሚቀበለው ዶክተር ሄኖክ ነው።