ሰባት ቤት ከማን ይጀምራል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ጠዋት ከሩሐማ ጋር ጌም። ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሁንም አብረን መንግሥት እናስተዳድራለን። የመካከለኛው ዘመን ጨዋታ ነው፦ ትወርሳለህ፣ ትዋጋለህ፣ ልጅ ትድራለህ። ጌሙ የአጎትን ልጅ ማግባት ይፈቅዳል። እኔ አልፈቅድም። በዚህ ቤት እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባም። ውጤቱ... ሦስተኛው ልዑላችን ሳያገባ በስልሳ ዓመቱ አረፈ። የጎረቤት ልዕልቶች ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው።

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ዘራችን እያለቀ ነው።"

"ይለቅ። በክብር።"

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ፋኑኤልን ልታገባ ነው። ምሳ ላይ ሰላጣ እያቀበለችኝ ነገረችኝ። እዚሁ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ አብሯት የሚሠራው፣ ረጅሙ። ጥሩ ልጅ። አባቱ የመንዝ ሰው... እኔም የመንዝ ሰው። የትኛው መንዝ? አልኩ። ሰፈሩን ስትነግረኝ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"አባዬ፣ እንዳትጀምር!"

ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
የልጁ አባት የዘር ሐረጋቸውን በዋትሳፕ ላኩ። የእኛን አክስቴ በስልክ አስቆጠረችኝ። ሁለቱም ሀብተ ሚካኤል የሚባሉ አንድ አያት ላይ ገጠሙ። ከአባት ጀምሬ ስቆጥር ሰባተኛ ናቸው። ከልጆቹ ከጀመርኩ ስምንተኛ። ሰባት ከሆነ ጋብቻ የለም፤ ስምንት ከሆነ አለ።

በጌሙ ሁልጊዜ ከአባት ነው የምቆጥረው። ሩሐማ ታውቃለች። ክፍሏ ገባች።

የሚያሳፍረው... ሰባት ሲወጣ ደስ አለኝ። ምን ፈርቼ ነው? ባዶ ቤት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ሁርሊንግሃም፣ ጋሽ ዑቅባማርያም ዘንድ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ የናይሮቢን ሐበሻ ግማሹን ድረዋል፣ ግማሹን አስታርቀዋል። ቆጠራው ከማን ይጀምራል? አልኳቸው።

"በሁለቱም ይሠራል። ልጁን መስጠት ያልፈለገ ከአባት ይቆጥራል፤ የፈለገ ከልጅቷ።"

"እኔስ ከየትኞቹ ነኝ ጋሼ?"

"አንተማ በዚህ የመኪና ጃም እዚህ ድረስ መጣህ። ያልፈለገ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ዘርይሁን።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ኮምፒውተሩን አልከፈትንም። ሩሐማን ጠርቼ እጇን ያዝኩና በጣቷ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሩሐማ። ሁለት፣ ዘርይሁን... ጣት አለቀብን፣ ወደ ሌላው እጅ ዞርን። ሀብተ ሚካኤል ስምንት ላይ ወጡ።

"ድገመው፣" አለች።

ደገምኩት። ስምንት።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች። ፋኑኤል ማታቱ ታክሲ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ቆሟል። "ስምንት ነው! ስምንት አለ! ውረድና ቦዳ ያዝ!"

"ሞተር ላይ ሄልሜት ያድርግ!" ብዬ ጮህኩ ከኋላዋ።

እስከ ዛሬ ስለዚህ ልጅ ጭንቅላት ተጨንቄ አላውቅም ነበር።