የአንጓች ድምፅ

አንጓችዬ፣ የኔ ዓለም፤

ወደ ዳንግላ ክሊኒክ የሚያደርስሽን የጭነት መኪና ስንጠብቅ ከተለየሽኝ ሰባት ወር አለፈ። እንጅባራ የሰኔ ዝናብ ገብቷል። የመምህራን ቤታችን ጣራ በመኝታሽ በኩል ያፈሳል። የሚጠግነው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ እኔ ነኝ እጄን ማንሣት ያቃተኝ።

ልጃችንን ሙሉን እናትሽ ወስደዋታል። የምጽፍልሽ ይህንኑ ልነግርሽ ነው።

ታስታውሻለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምሪ ሴቶቹ “የወንድ ድምፅ” እያሉ ሲስቁብሽ ታፍሪ ነበር። ይህ የሴት ወፍራም ድምፅ ነው፣ በሙዚቃ ትምህርት አልቶ ይባላል ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድምፅ ዓይነቶች ባስተማርኩ ቁጥር ሰው እልክብሽ ነበር። እጅሽን በቀሚስሽ እየጠራረግሽ ትመጪና በእናትሽ አገር በዘንገና አረም ሲታረም የሚዜመውን በአገውኛ ታዜሚልናለሽ። ሰሌዳው ላይ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው የሚከፈቱትን ሁለት መስመሮች፣ ቀስ በቀስ አጉላ የሚለውን ምልክት ስስል፣ ድምፅሽ አብሮ ይከፈት ነበር። መስመሮቹን ስዘጋ እስከ ሹክሹክታ ታወርጂዋለሽ። ተማሪዎቹ በመሣሪያ ብትመሰይ የየትኛው ወገን እንደሆንሽ ይከራከሩ ነበር፤ ገሚሱ ከክር፣ ከበገና ጋር፣ ገሚሱ ከትንፋሽ፣ ከእምቢልታ ጋር። አንቺ በሳቅ ትሞቻለሽ።

ዛሬ ግን ጨነቀኝ። መዝሙር ማስተማር እንጀራዬ ነው፤ በሐዘን ደግሞ አይዘፈንም። እናትሽ ሙሉን ሊያዩ የመጡ ዕለት ትምህርቱ እዚያው ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ተማሪ “የሴት ወፍራም ድምፅ እንዴት ያለ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። የምልክበት ሰው የለኝም። ምን ላድርግ? በዚህ በቀጭን ጉሮሮዬ ያንቺን ዜማ ጀመርኩት፤ መካከል ላይ ተሰበረብኝ። እናትሽ መስኮቱ ሥር ቆመው ሰምተዋል።

“ልጄ አፈር ውስጥ ተኝታ አንተ ትዘፍናለህ?” አሉኝ። ሙሉን አዝለው ሄዱ።

እሑድ ዘንገና ሄጄ ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ። “እማማ፣ ያዜምኩት የሷን ነው። ድምፅዋ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው፤ ቢጨንቀኝ ነው” አልኳቸው። “ከኔም ጆሮ እየጠፋ ነው” አሉና አለቀሱ። ሙሉን ግን አልሰጡኝም፤ “የእናቷ ዓመት እስኪወጣ እኔ ጋ ትሁን” አሉ። ልጅቱ ከጓሮ “አባዬ!” ብላ ጠራችኝ። እንደኔ ቀጭን ድምፅ ነው ያላት፣ አንጓችዬ። ያንቺን ፈልጌ አጣሁት።

ዜማሽን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። የቱ ጋ እንደሚጎላ፣ የቱ ጋ እንደሚለሰልስ ምልክት አድርጌበታለሁ። አንቺን የሚመልስ ምልክት ግን አልተማርኩም። ሌሊቱ አይነጋልኝም፤ ቀኑም አይመሽልኝም።

ሰው የወደደውን ይበለኝ፤ እኔ አንቺን አልረሳም። ያ ትምህርት በደረሰ ጊዜ ሁሉ፣ አልቶ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ አንጓች የምትባል ሚስት ነበረችኝ ብዬ እጀምራለሁ።

ባልሽ