ከሹፌሩ ወንበር ሥር ስላለችው ሽቦ

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የቴክኒክ ኃላፊ፦

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ከባለቤቴ እጦት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ያ ወፍራሙ ሹፌርዎ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ከነአውቶቡሱ ግንብ ገጭቶ የሞተው። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ስመላለስ ስብሰባዎ ማለቂያ ስላጣብኝ እንጂ ክብርዎን ለመዳፈር አይደለም፤ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ምርመራዎ። ከመቀመጫው ሥር የሚያልፉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የሞተሩ፣ የማርሹና የፍሬኑ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸው መስመር እንደሆኑ፣ አንደኛዋ ተልጣ ብረት በነካች ቁጥር ሁሉም ባንድ ላይ ዝም እንደሚሉ ባለቤቴ ነግሮዎት ነበር። የምትነካውም እሱ ሲቀመጥ ነው፤ ብድግ ሲል ሁሉም ይመለሳል። ባለሙያዎችዎ ግን ወንበሩ ባዶ እንዳለ፣ መመርመሪያውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው፣ ማሽኑ የመዘገበውን ብልሽት አሮጌ ነው ብለው እያጠፉ፣ አውቶቡሱ ጤነኛ ነው እያሉ መለሱለት። እውነታቸውን ነው፤ ማንም ያልተቀመጠበት አውቶቡስ ምን ሕመም አለበት!

፪ኛ፦ ስለ ሕክምና ምክርዎ። መድኃኒቱ ውፍረት መቀነስ ነው ብለው በሠራተኛው ፊት ሲቀልዱበት አብሮ ስቆ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ እራቱን ከግማሽ ያስተርፍ ጀመር። ምን ሆንክ ስለው፣ ሽቦዋ እንዳትከፋ ነው ይለኛል። የኔ ሞኝ! ለአንዲት ሽቦ አንድ ጥቅል ፕላስተር ጠፍቶ፣ ሰውዬው ጠግቦ ሳይበላ ሞተብኝ።

፫ኛ፦ ስለ አጣሪ ኮሚቴዎ። ቁልቁለቱ መሃል ዳሽቦርዱ ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ ሞተሩና ማርሹ አውቶቡሱን መያዝ ሲተዉ፣ ብቻውን የቀረው ፍሬንም ግሎ ሲከዳው፣ ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። ተሳፋሪዎቹ እንደነገሩኝ መሪውን ጨብጦ፣ ቆሞ፣ ተመለሱ እንጂ፣ ተመለሱ እያለ ይለምን ነበር። ያን ቀን ግን ኮምፒውተሮቹ አልተመለሱም። ግንቡን መርጦ በራሱ በኩል አጋጨውና ተሳፋሪው ሁሉ ተረፈ። ኮሚቴዎም የአደጋው ምክንያት ሹፌሩ ደንብ ጥሶ ቆሞ ማሽከርከሩ ነው ብሎ ደመደመ። እሰይ! ይህን ፍርድ ለልጆቼ እንዴት እንደማነብላቸው ብቻ ቸገረኝ።

አሁን አውቶቡሱ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥሩ ተቀይሮ በደጄ ያልፋል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ደጄ ያለው ጉድጓድ ሲያነጥረው፣ ያቺው ሽቦ ብረት ትነካለች መሰለኝ፣ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው ብቻውን ሲወዛወዝ አየዋለሁ፤ ያኔ ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እገኛለሁ። ልጆቼ እማ ቁጭ በይ ይሉኛል፤ መቀመጥ ፈራሁ። ስለዚህ ጌታዬ፣ የባለቤቴን ስም ያጽዱልኝ፤ አውቶቡሱንም አስቁመው፣ ወንበሩ ላይ ሰው አስቀምጠው ይመርምሩት።

ለእርስዎ ምቹ መቀመጫ፣ ለመቀመጫዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የደንብ ጣሹ ሹፌር ባለቤት

ቀሪ ቃል፦ አዲሱ ሹፌር ቀጭን ነው ብለው እንደሚጽናኑ ሰምቻለሁ። ነገር ግን በቀደም አግብቷል፤ ልጅቷም ባለሙያ ናት፣ እጇ ይጣፍጣል አሉ። መቼም ሽቦዋን አያስጠግኑም፤ እንግዲያው ባሏን እንዳታጠግበው ደብዳቤ ይጻፉላት።