ጥላና ቃሬዛ

ደባርቅ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለታየች አሻግሬ
ሐረር

የዓይኔ አበባ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የሐረር ሙቀትስ፣ የጤና ረዳትነት ትምህርትሽስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። በሬዎቹ ደህና ናቸው። ያቺ ወጊ ላምሽም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ከወዲሁ እናቷን ትመስላለች።

ደብዳቤሽ በመጋቢት ደርሶኝ እስከ ዛሬ ያልመለስኩልሽ ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። «አባዬ፣ ለታቦት እንጂ ለጤና ኬላ እንዲህ የሚሰጥ ሰው ደባርቅ ገበያ ላይ ከየት ተገኘ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር ከሥሩ ትመዢያለሽ። አልተገኘም፣ ልጄ። የሰጡት ለታቦት ነው።

የመንደራችን ሚካኤል ጣራው ሲያፈስ፣ በየገበያው ጥላ ዘቅዝቄ አራት ዓመት የለመንኩት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ጣራው ካለቀ ሁለት ዓመት ሆነው። ጥላውንም ካህናቱ «አርጅቷል» ብለው ለእኔው ተዉልኝ። ዘንድሮ ገበሬ ማኅበሩ ጤና ኬላ በመዋጮ ይሠራ ሲል፣ ሊቀ መንበሩ ይግዛው ቤቴ ድረስ መጣ።

«አያ አሻግሬ፣ ያን ጥላ ያንሡት» አለኝ።

«ለጤና ኬላ በታቦት ጥላ ይለመናል እንዴ?»

«ዋሹ ማን አለዎት? ዘቅዝቀው ዝም ብለው መቆም ነው። ሰው የመሰለውን ይምሰለው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

እኔም እናትሽን ማዕረግን እያሰብኩ እሺ አልኩ። እሷን በቃሬዛ ተሸክመን፣ ደባርቅ ሐኪም ጋ ሳንደርስ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ ላይ ያረፈችብንን ቀን አንቺም አትረሺውም። ሌላዋ ሴት እንዲያ እንዳትሆን ብዬ ነው። ይህ ምክንያቴ ነው እንጂ ማምለጫ አይሆነኝም።

ከጥር እስከ ሚያዝያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆምኩ። አንድም ቀን «ስለ ሚካኤል» አላልኩም፤ በዚህም ራሴን አታለልኩ። ሰዉ ግን ፊቴን ያውቃል፣ ጥላውንም ያውቃል። ሳንቲሙን እየተሳለመ ይጥላል፤ የሌለው እፍኝ ገብስ ይጨምራል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ጥላ ዘቅዝቆ አያውቅም።

በሚያዝያ መጀመሪያ ከዳባት የመጣች ውቢት የምትባል ሴት ፊቴ ቆመች። የብር አልቦ ከእግሯ አውልቃ ጥላው ውስጥ አስቀመጠች። እንደ ሌላው አልጣለችም፤ ጎንበስ ብላ አስቀመጠች።

«ልጄ ከጦር ሜዳ በእግሩ ተመልሶልኛል። ለሚካኤል የተሳልኩት ነው፤ አድርሱልኝ፣ አባቴ» አለችኝ።

አፌ የለመደውን አለ። «ስለትሽን ይቀበልልሽ» ብዬ መረቅኋት። አራት ዓመት ሙሉ ያልኩት ቃል ነው፤ እኔን ሳያማክር ወጣ። በዝምታ ስዋሽ ከርሜ ያን ቀን በአፌ ዋሸሁ።

ይግዛው አልቦውን ሲያይ ደስ አለው። «ይህን ሸጠን ቆርቆሮ እንገዛለን፤ ክረምት ሳይገባ ጣራው አለቀ በሉ» አለ። ደግሞ እውነቱን ነው፤ ጣራ ያልለበሰ የጭቃ ግድግዳ ሐምሌን አያልፍም። እኔ ግን አልቦውን አልሰጥም አልኩት። አንድ ሳምንት ቤቴ ከረመ፤ እሱን እያየሁ እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ይዤው ዳባት ሄድኩ።

ውቢት ደጃፏ ላይ ገብስ ታሰጣ ነበር። እንደ ቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም፤ እሱ ባሰብኝ።

«ስለቴን ሳላገባ ያገባሁ እየመሰለኝ ልኖር ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ለጤና ኬላ ነው ብትሉኝ ምን ነበረበት፣ አባቴ? እኔ ጆሮ የለኝም? ልብ የለኝም?»

አልቦዋን ተቀብላ ገባች። ውሃ እንኳ ጠጡ አላለችኝም። ደግ አደረገች።

ይግዛውማ «ጣራችንን ዳባት ጥለውት መጡ» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ጥላውን አጥፌ ለካህናቱ መለስኩ። ይግዛው «እንግዲህ በምን ሊሰበስቡ ነው?» ሲለኝ፣ ቆጥ ላይ ወጥቼ የእናትሽን ቃሬዛ አወረድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት የምቆምበት ቦታ ላይ ዘረጋሁት። ሰዉ እየሸሸኝ በሌላ በኩል ይዞራል። አንድ የጨው ነጋዴ «ምነው አያ አሻግሬ፣ በገበያ ቀን ሟርት?» አለኝ። ያን ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

«ይህ ለሚካኤል አይደለም። የሚካኤል ጣራ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ለጤና ኬላ ነው። ሚስቴ ሐኪም ቤት ሳትደርስ የሞተችው በዚህ ላይ ነው። ዘንድሮ ለታቦት መስሎት የሰጠኝ ካለ ይምጣና ይውሰድ።»

መጡ። የሰጠም መጣ፣ ሰጥቶ የማያውቅም መጣ። የተሰበሰበው ለእንጨትና ለሚስማር ወጥቶ ስለነበር የመለስኩላቸው አስቀድሜ ሁለቱን ሙክቶቼን ሸጬ ነው። አንዱ ዞሮ ሁለተኛ ሲመጣ እያወቅሁ ሰጠሁት፤ ሌባ ብዬ የምናገርበት አፍ ከየት ይምጣ? ገበያው ሊበተን ሲል ኪዳነ ማርያም የሚባሉ፣ ጨነቅ ከሚባለው መንደር የመጡ ሽማግሌ ቀረቡና የቃሬዛውን እንጨት ዳሰሱት። «እኔ የተሸከምኩት ልጄን ነበር» አሉ። ለቤታቸው የሸመቱትን ገብስ ግማሹን ላዩ ላይ ደፉት። ከዚያ ወዲያ ሌላውም ቀረበ። በዚህ አገር ቃሬዛ ያልተሸከመ ትከሻ የት አለ?

እውነቱን ልንገርሽ፣ በጥላው ከሚገባው እኩሌታም አይሆንም። ቆርቆሮ አልገዛልንም። ግን ሴቶቹ ወጥተው ሣር አጨዱ፤ ይግዛውም እየተነጫነጨ አሥር ሸክም አመጣ። ባለፈው ማክሰኞ ክዳኑ አለቀ። ክረምቱ ይምጣ እንግዲህ።

ዛሬ ደግሞ ገበያ ላይ ቆሜ ሳለ ውቢት መጣች። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«በሚካኤል ዕለት ስለቴን በእጄ አገባሁ» አለችኝ። ከጀርባዋ አዲስ ብርድ ልብስ አውርዳ ቃሬዛው ላይ ዘረጋችው። «ይህ ስለት አይደለም። ለታማሚ ነው። ለምን እንደምሰጥ አውቄ ነው የሰጠሁ።»

ልመርቃት አፌን ከፈትኩና አፌን ፈራሁት። «እግዜር ይስጥሽ» ብቻ አልኩ። ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ዕንባዬ መጣ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከዚያው ተነሥቼ፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ነው።

ሰኞ ቃሬዛው ላይ አራት እግር እቀጥልበታለሁ። የጤና ኬላው አልጋ ይሆናል፤ ብርድ ልብሱም አለው። ከእንግዲህ ማንም ተሸክሞት አይሄድም።

የጤና ረዳት ይመደብላችኋል ብለውናል። ማን እንደሆነ አልነገሩንም። ምደባ የመንግሥት ነው፤ እኔ ነይ አልልሽም። አናጢው የመድኃኒቱን መደርደሪያ ሲሠራ «ለማን ነው እንዲህ ዝቅ ያስደረጉት?» ቢለኝ «ለሚመጣው» አልኩት። ዝም ማለትም መዋሸት እንደሆነ ዘንድሮ ስለተማርኩ ላንቺ ልናገር፤ የለካሁት አንቺ ከቆጣችን ላይ ዕቃ ስታወርጂ እጅሽ በሚደርስበት ልክ ነው።

የነካሽው ይዳን፣ የረገጥሽው ይለምልም። ክፉ አይይሽ፣ ልጄ።

ጉልበቱ እንጂ ናፍቆቱ ያላረጀ አባትሽ፣
አሻግሬ ወልደ ሩፋኤል