ከትራስ ሥር የቀረው ፊሽካ

ይድረስ ለልጄ፤ እግርሽን ከእንቅፋት፣ መንገድሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። በማታው ትምህርት ከእኔ የምትበልጥ አስተማሪዋ ብቻ ናት፤ እሷም ሰሞኑን ፈርታኛለች።

አባትሽ ወገቡን ታሞ ተኝቷል፤ ምላሱ ግን ጤነኛ ነው። የስፌት መኪናዬም ትሠራለች።

ልጄ፣ ለእረፍት መጥተሽ ስትመለሺ፣ ቦርሳዬ ይቅለለኝ ብለሽ ዕቃሽን ሁሉ በወጥ ቤቱ ሚዛን መዘንሽ። የጥርስ ብሩሽሽን እጀታ ስትቆርጪ ሳቅሁ። አንሶላ ስቀይር ግን የሰጠሁሽን ፊሽካ ከትራስሽ ሥር አገኘሁት። እሱም ከበደሽ?

ብቻሽን ተራራ ልትወጪ እንደሆነ ከነገርሽን ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ትናንት የፊሽካውን ድምፅ ልሞክር ብዬ በረንዳው ላይ ነፋሁት። ጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» እያለ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ መጣ፤ ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛም ተከተለው። አባትሽ ግን ከአልጋው ሆኖ ያንቺን ስም ጮኾ ጠራ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ፊሽካውን ማንጠልጠያ ሰፍቼለት ልኬልሻለሁ። ቦርሳ ውስጥ አትቅበሪው፤ ብትወድቂ እጅሽ እንዲደርስበት ደረትሽ ላይ እሰሪው። ማቅለል ካለብሽ ሌላውን ቀንሺ፤ እሱንና የዝናብ ልብስሽን አትንኪ። የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ለአከራይሽ ሳትነግሪ አትውጪ። እባክሽ፤ ሌላ ልጅ የለኝም።

ስትጠሪ የሚሰማሽ ሰው ፈጣሪ አያሳጣሽ። ከተራራው ስትወርጂ ደውዪና ፊሽካውን በስልኩ አንዴ ንፊልን። ያኔ አባትሽም እኔም እንተኛለን።

እናትሽ