ስለቷን ካስገባሁ በኋላ

ሰኞ፣ ኅዳር 6። ጠዋት
ዛሬም ልጄን ሣራን አስመለሳት። በባዶ ሆዷ፣ ገና ካልጋ ሳትወርድ። ሦስተኛ ቀኗ። ሣራ ጨጓራ ነው ትላለች፣ እኔም ጨጓራ ነው እላለሁ። አንተን ግን አልዋሽህም፣ ደብተሬ። በስድስት ዓመቷ ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ የተገኘባት ጊዜም እንዲሁ ነበር የጀመራት። አሁን አሥራ ስምንት ሞልቷታል። የምሠራላት ማዳም ከማንሺያ ሰፈር ትደውላለች፣ ያላ ያላ፣ ቶሎ ነይ። ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8
ሆስፒታል። ያው ያኔ ቀዶ ዕጢውን ያወጣላት ዶ/ር፣ ሸብቷል። ማሽን ውስጥ አስገብተው ጭንቅላቷን አነሷት፣ ውጤቱ ነገ። ከቀዶ ጥገናው አምስተኛ ዓመት በኋላ ለምን ጠፋችሁ አለኝ። ብትድንም በየዓመቱ መታየት አለባት ብሎኝ ነበር። በዐረብኛ ቢሆንም በደንብ ገብቶኛል፣ በዚያ እንኳ አላመካኝም።
ምን ልበለው? ስለቴን ለሚካኤል አስገባሁ፣ በሕዝብ ፊት ዳነችልኝ ብዬ እልል አስባልኩ። ከዚያ ወዲያ ማስመርመር መልአኩን መጠርጠር መሰለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። ደንቆሮ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 9
ዕጢው ተመልሷል። እዚያው ቦታ፣ አድጎ። ማክሰኞ ቀዶ ጥገና፣ ኢንሻአላህ። ሣራ ወጣ ስትል ጠየቅሁት፤ በየዓመቱ ብትታይ ትንሽ ሳለ ይገኝ ነበር? ሳይሆን አይቀርም አለ። ምነው ባልጠየቅሁት።
አውቶቡስ ውስጥ ሣራ ዞር አለች።
«ማማ፣ ምርመራውን ያቆምነው ዶክተሩ ድናለች ስላለሽ ነው?»
«አዎ» አልኳት። ከአፌ ወጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።
«ኻላስ፣ በቃ፣ ያ ሰውዬ ሁለተኛ ጭንቅላቴን አይነካም።»

እሑድ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት
ሚካኤል ነው፣ ቤ/ክ ጢም ብሏል። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምርመራ ተዪ ያለሽ ማን ነው አሉኝ። ማንም። ከራሴ ያመጣሁት ነው። «ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል በሐኪም ይቀየማል?» አሉ፣ አዝነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
ሣራ እንቢ እንዳለች ናት። ሌላ ሐኪም ፈልጊ ትለኛለች፤ እዚህ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። ልጄ ጭንቅላቷን የሚከፍተውን ሰው የጠላችው በእኔ ውሸት ነው። ብነግራት እኔን ትጠላኛለች። ትጥላኝ። ብቻ ማክሰኞ ትግባልኝ።
ጠራኋት። ግድግዳ ይዛ እየመጣች ነው። ከአፌ መጀመሪያ የሚወጣው ይኼ ነው፦ ዶክተሩ አልተሳሳተም፣ ምርመራውን ያቆምኩት እኔ ነኝ።